የቅርጫት ኳስ ሜዳ በገመድ፣ ውርወራው በስሌት

የክረምቱ ጭቃ ደርቆ መሬቱ ጠንከር ባለበት የጥቅምት ሰሞን፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ቅርጫቶችን ለክቼ ነበር። አንደኛው ከሌላኛው በአንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፤ በኖራ የተሰመረው የቅጣት መወርወሪያ መስመርም በአንደኛው በኩል ግማሽ እርምጃ ያህል ይርቃል። ተማሪዎቹ በእረፍት ሰዓት «በዚያኛው በኩል ቢሆን አልስትም ነበር» እየተባባሉ ሲከራከሩ ሰምቼ እንደ ማመካኛ ቆጥሬባቸው ነበር። ገመዱን ከዘረጋሁ በኋላ ግን እውነቱ የእነርሱ እንደ ሆነ ገባኝ።

ቅርጫት ኳስ ላይ ላዩን ለሚያየው የቁመትና የፍጥነት ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ መሬቱ ላይ የተሰመረው እያንዳንዱ መስመር ለአንድ ውርወራ ዋጋ ይተምናል፤ እዚህ ቆሞ የሚያስገባ ሁለት ነጥብ፣ አንድ ጫማ ወደ ኋላ ብሎ የሚያስገባ ደግሞ ሦስት ነጥብ ያገኛል። ስለዚህ የሜዳውን ልክ ያላወቀ ሰው ስለ ውርወራው ዕድል ማስላት አይችልም። ይህ ጽሑፍም ከልኩ ይጀምርና በደንቡ በኩል አልፎ ወደ ዕድል ስሌት ይሻገራል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው የተፈለሰፈው በታኅሣሥ ወር 1891 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። የአካል ማጠንከሪያ መምህር የነበረው ጄምስ ኔይስሚዝ በክረምቱ ብርድ ከቤት መውጣት ላልቻሉ 18 ተማሪዎቹ 13 ደንቦች ጽፎ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ አድርጎ ከፋፍሎ አጫወታቸው። ግብ ያደረገው የኮክ ፍሬ መልቀሚያ ቅርጫቶችን ሲሆን፣ የቸነከራቸውም በአዳራሹ ሰገነት መከላከያ ላይ ነበር፤ የሰገነቱ ከፍታ 10 ጫማ ማለትም 3.05 ሜትር ስለ ነበረ ይህ ልክ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሰገነቱ ዝቅ ብሎ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። የእኛ ቋንቋ «ቅርጫት ኳስ» ማለቱ እንግዲህ ታሪኩን በትክክል ይዟል፤ የመጀመሪያዎቹ ቅርጫቶች መቀመጫቸው ድፍን ስለ ነበረ ኳስ በገባ ቁጥር መሰላል ተወጥቶ ይወጣ ነበር።

ዛሬ በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊባ፣ ደንብ መሠረት ሜዳው 28 ሜትር ርዝመትና 15 ሜትር ስፋት አለው። የአሜሪካው የሙያተኞች ሊግ፣ ኤንቢኤ፣ በጫማ ስለሚለካ ትንሽ ይበልጣል፤ 28.65 በ15.24 ሜትር ነው። ጎጃም ውስጥ ደልዳላ መሬት ፈልጎ ሜዳ ማስመር ለሚፈልግ ሰው፣ ያለቀለት አውድማ የመሰለ ቦታ ቢያገኝም እንኳ፣ ዋናው ችግር ርዝመቱ ሳይሆን ማዕዘኑ ነው። በዓይን ግምት የተሰመረ ሜዳ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ማረሚያው ቀላል ነው፤ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ገመድ ሲዘረጋ 31.76 ሜትር መምጣት አለበት፤ ሁለቱ ሰያፎችም እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ ሜዳው ተንጋድዷል። ክንድና እርምጃ እዚህ ላይ አይሠሩም፤ የአንዱ ክንድ ከሌላው ይረዝማልና።

የሦስት ነጥብ መስመርን ለማስመር፣ መረቡ ከሚንጠለጠልበት የብረት ቀለበት መካከል ቱንቢ ወደ መሬት ይለቀቃል። ቱንቢው የሚያርፍበት ነጥብ ከኋላ መስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ 1.575 ሜትር ይርቃል። በዚያ ነጥብ ላይ ችካል ተተክሎ፣ 6.75 ሜትር ገመድ ታስሮ፣ በገመዱ ጫፍ ግማሽ ክብ ይሰመራል። ክቡን ብቻ እየተከተልን ብንቀጥል ግን ወደ ጎን መስመሩ በጣም ስለሚጠጋ ተጫዋቹ መቆሚያ ያጣል፤ ስለዚህ በሁለቱም ጎን ከጎን መስመሩ 90 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ቀጥታው መስመርና ክቡ የሚገናኙት ከኋላ መስመሩ 2.99 ሜትር ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ ከጥግ የሚወረወር ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ 6.60 ሜትር ብቻ ይርቃል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅናሽ አለው ማለት ነው። በኤንቢኤ ቅናሹ ይብሳል፤ በመካከል 7.24 ሜትር የሆነው ርቀት ጥግ ላይ ወደ 6.70 ሜትር ይወርዳል። መስመሩ ራሱ ከሁለት ነጥብ ክልል ይቆጠራልና፣ የጫማው ጫፍ መስመሩን ነክቶ የወረወረ ተጫዋች የሚያገኘው ሁለት ነጥብ ነው።

ከቀለበቱ ሥር ያለው አራት ማዕዘን ክልል 4.9 ሜትር ስፋትና 5.8 ሜትር ርዝመት አለው፤ ፊት ለፊቱ ያለው ጠርዝ የቅጣት መወርወሪያ መስመር ነው። መስመሩ ከቀለበቱ ጀርባ ካለው ሰሌዳ፣ ከቦርዱ፣ ፊት 4.6 ሜትር፣ ከቀለበቱ መካከል ደግሞ ወደ 4.2 ሜትር ይርቃል። ያን ጊዜ የለካሁት ሜዳ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነበር፤ መስመሩን ያሰመሩት ሰዎች 4.6 ሜትሩን ከቦርዱ ፊት በመለካት ፈንታ በአንደኛው በኩል ከምሰሶው ሥር ለክተውታል። ቦርዱ 1.80 ሜትር ስፋትና 1.05 ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን የታችኛው ጠርዙ ከመሬት 2.90 ሜትር ይሆናል፤ ፊቱም ከኋላ መስመሩ 1.20 ሜትር ወደ ሜዳው ገባ ይላል። ምሰሶው ከመስመሩ ውጭ ተተክሎ ቦርዱ በክንድ ብረት የሚወጣው ለዚህ ነው።

ደንቡን በአጭሩ እንለፍ። እያንዳንዱ ቡድን 5 ተጫዋቾችን ያሰልፋል። ጨዋታው በፊባ ደንብ 10 ደቂቃ በሆኑ 4 ክፍሎች፣ በኤንቢኤ 12 ደቂቃ በሆኑ 4 ክፍሎች ይካሄዳል፤ በእኩል ነጥብ ካለቀ 5 ደቂቃ ይጨመራል፤ አቻ ወጥቶ መለያየት የለም። ኳስ የያዘ ሰው ሳያነጥር መራመድ አይፈቀድለትም፤ ማንጠሩን አቁሞ ኳሱን ከጨበጠ በኋላ የሚፈቀዱለት ሁለት እርምጃዎች ብቻ ናቸው፤ ጨብጦ ቆሞ ከሆነም አንዱን እግሩን እንደ ካስማ ተክሎ በሌላው መዞር ይችላል እንጂ የተከለውን አንሥቶ መልሶ መሬት ማስነካት አይችልም። አንዴ ያቆመውን ማንጠር እንደገና መጀመርም ጥፋት ነው። ኳስ የያዘው ቡድን በ8 ሰከንድ ውስጥ የሜዳውን አጋማሽ መሻገር አለበት፤ ከተሻገረ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። አጥቂ ከቀለበቱ ሥር ባለው ክልል ውስጥ ከ3 ሰከንድ በላይ መቆም አይፈቀድለትም።

ከሰዓት ደንቦች ሁሉ ግን ጨዋታውን የለወጠው የ24 ሰከንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በኤንቢኤ የፎርት ዌይን ቡድን ሚኒያፖሊስን 19 ለ18 አሸነፈ። በ48 ደቂቃ የተቆጠረው በሙሉ 37 ነጥብ ነበር፤ እየመራ ያለ ቡድን ኳሱን ይዞ ሰዓት መግደል ይችል ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1954 የሲራኪዩዝ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያዞን ቀላል ማካፈል አቀረበ፦ ደስ የሚል ጨዋታ ላይ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ጊዜ ያህል ይወረውራሉ፤ 48 ደቂቃ 2,880 ሰከንድ ነው፤ 2,880 ለ120 ሲካፈል 24 ይመጣል። በዚህ መልኩ በ24 ሰከንድ ውስጥ ያልወረወረ ቡድን ኳሱን እንዲያስረክብ ተወሰነ። የጠቅላላው የጨዋታ ፍጥነት የተወሰነው በአንድ መስመር ስሌት መሆኑ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ፊባ 24 ሰከንድን የተቀበለው ዘግይቶ፣ በ2000 ነው።

ጥፋትን በሚመለከት፣ ተከላካይ የሚወረውርን ሰው ቢነካና ኳሱ ቢገባ ነጥቡ ተቆጥሮ 1 የቅጣት ውርወራ ይጨመራል፤ ካልገባ እንደ ቦታው 2 ወይም 3 ውርወራ ይሰጣል። አንድ ቡድን በአንድ ክፍል ውስጥ ከ4 ጥፋት በላይ ሲፈጽም፣ ከ5ኛው ጀምሮ ተጋጣሚው ሲወረውር ባይነካም እንኳ 2 የቅጣት ውርወራ ያገኛል። ተጫዋች በፊባ ደንብ በ5ኛው ጥፋት፣ በኤንቢኤ በ6ኛው ከጨዋታው ይወጣል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው የአገራችን ብሂል እዚህ ላይ የሚሠራው በግልባጩ ነው፤ ዳኛው ላይ የተቆጣ አሰልጣኝ ጌታም ቢሆን ተጋጣሚው 1 የቅጣት ውርወራ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ውርወራው እንምጣ። የወንዶች ኳስ ዲያሜትሩ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን የቀለበቱ ውስጣዊ ስፋት 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህን የሰማ ሰው «ሁለት ኳስ ሊያሳልፍ ምንም አልቀረው፤ ታዲያ ለምን ይሳታል?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። መሬት ላይ የተቀመጠ ሰፌድ ቁልቁል ሲያዩት ሙሉ ክብ ነው፤ ከበሩ ደፍ ላይ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ግን እየቀጠነ ይሄዳል። ኳሱም ቀለበቱን «የሚያየው» በሚወርድበት አቅጣጫ ነው። በቀጥታ ከላይ ቢወርድ ሙሉው 45 ሴንቲ ሜትር ክፍት ይሆንለታል፤ በ45 ዲግሪ ቢወርድ 32 ሴንቲ ሜትር ብቻ፤ በ32 ዲግሪ ቢወርድ ደግሞ ክፍቱ ወደ 24 ሴንቲ ሜትር ይጠብና ከራሱ ከኳሱ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ በታች ዝቅ ብሎ የሚመጣ ኳስ ብረቱን ሳይነካ መግባት አይችልም። ጀማሪ ተጫዋች እንደ ድንጋይ ቀጥ አድርጎ ሲወረውር ኳሱ የቀለበቱን ጀርባ እየመታ የሚመለስበት ዋነኛው ምክንያት ይህ ነው።

ታዲያ ኳሱን ሰማይ ጠቀስ አድርጎ መወርወር አይሻልም ወይ? አይሻልም፤ ኳሱ ከፍ ባለ ቁጥር ብዙ ኃይል ይጠይቃል፤ በኃይሉ ላይ የሚፈጠረው ጥቂት ስሕተትም ርቀቱን በብዙ ያዛባል። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ ይፈለጋል። ለምሳሌ በቅጣት መስመሩ ላይ የቆመ፣ ኳሱን ከ2.10 ሜትር ከፍታ የሚለቅ ተጫዋች፣ ኳሱ በ45 ዲግሪ እንዲወርድለት ከፈለገ ሲለቀው 55 ዲግሪ ያህል ቀና ማድረግ አለበት። ረጅም ሰው ከፍ አድርጎ ስለሚለቅ ያንኑ ኳሱን ያን ያህል ቀና ሳያደርግ ያገኘዋል፤ አጭሩ ግን በክንዱ መካስ ይኖርበታል። በጣት ጫፍ ኳሱን ወደ ኋላ ማሽከርከርም ይረዳል፤ የሚሽከረከር ኳስ ብረት ሲነካ ፍጥነቱ በርዶ ወደ መረቡ የመውደቅ ዕድል ያገኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው የዕድል ጉዳይ ነው። ለማስላት የሚቀለው የቅጣት ውርወራ ነው፤ ርቀቱ አንድ ነው፣ የሚከላከል ሰው የለም። ከ100 ውርወራ 75ቱን የሚያስገባ ተጫዋች እናስብ፤ ይህ የኤንቢኤን አማካይ የሚቀርብ መጠን ነው። ሁለት ውርወራ ሲሰጠው ሁለቱንም የማስገባት ዕድሉ 0.75 በ0.75 ተባዝቶ 56.25 በመቶ ነው፤ ሁለቱንም የመሳት ዕድሉ 6.25 በመቶ፤ አንዱን ብቻ የማስገባቱ ቀሪው 37.5 በመቶ ነው። ብዙ ተመልካች «75 በመቶ የሚያስገባ ሰው እንዴት አንዱን ይስታል?» ብሎ ይቆጣል፤ ነገር ግን ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን መሳቱ ከ100 ጊዜ ወደ 44ቱ የሚሆን ተራ ነገር ነው። በአማካይ የሚገኘው ነጥብ 1.5 ነው። በሙያ ዘመኑ ከቅጣት ውርወራው 52.7 በመቶውን ብቻ ያስገባው ሻኪል ኦኒል ግን ከሁለት ውርወራ በአማካይ የሚያገኘው 1.05 ነጥብ ገደማ ነበር፤ ተጋጣሚዎቹ ሆን ብለው ጥፋት ይሠሩበት የነበረው በዚህ ሒሳብ ነው። እስቴፈን ከሪን ግን ከ90 በመቶ በላይ ስለሚያስገባ በዚያ መንገድ መንካት ስጦታ መስጠት ይሆናል። እዚህ ላይ የቀድሞውን የኤንቢኤ ተጫዋች የሪክ ባሪን ነገር ሳላነሣ ባልፍ ይቆጨኛል፤ በሁለት እጁ ከጉልበቱ መካከል ወደ ላይ እየወረወረ ከ100 ወደ 90 ያስገባ ነበር፤ ያም ሆኖ «ያስቃል» እየተባለ የተከተለው ተጫዋች በጣም ጥቂት ነው። ሰው መሳትን መሳቂያ ከመሆን የበለጠ የሚፈራ አልመሰለኝም።

በጨዋታ መካከል የሚደረገው ምርጫ ደግሞ በሁለትና በሦስት ነጥብ መካከል ነው። ከቅርብ 50 በመቶ የሚያስገባ ሰው ከ100 ውርወራ 100 ነጥብ ያገኛል፤ በሦስት ነጥብ ያንኑ 100 ለማግኘት ከሦስት ውርወራ አንዱን፣ ማለትም 33.3 በመቶውን፣ ማስገባት ይበቃዋል። በኤንቢኤ የቅርብ ዓመታት የሦስት ነጥብ አማካይ 36 በመቶ ገደማ በመሆኑ 100 ውርወራ 108 ነጥብ ያመጣል። በመስመሩና በቀለበቱ መካከል ካለው ቦታ 40 በመቶ ብቻ የሚያስገባ ሰው ግን 80 ነጥብ ያገኛል። ከቡሬ ገበያ እህል ሸጦ የሚያውቅ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ወደ መኪና መንገዱ ትንሽ ራቅ ብሎ መሸጥ ዋጋውን በግማሽ ከጨመረ፣ ጥቂቱ ኩንታል ሳይሸጥ ቢመለስም ያዋጣል። መስመሩ በኤንቢኤ በ1979 ሲጀመር አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ከ3 ያነሰ ጊዜ ነበር የሚሞክረው፤ ዛሬ ከ30 በላይ ይሞክራል። ይህን ስሌት ለመቀበል ሠላሳ ዓመት ያህል መፍጀቱ የሚያስደንቅ ነው።

አማካይ ነጥብ ግን ሁልጊዜ አይገዛም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ጥያቄው «ስንት ነጥብ?» መሆኑ ቀርቶ «ማን ያሸንፋል?» ይሆናል። ቡድናችሁ በ2 ነጥብ እየተመራ የመጨረሻው ውርወራ ቀርቷል እንበል። 50 በመቶ በሚገባ ባለ ሁለት ነጥብ ብትሞክሩ አቻ ትሆናላችሁ እንጂ አታሸንፉም፤ በተጨማሪው ሰዓት የማሸነፍ ዕድላችሁ እኩል ከሆነ ጠቅላላው ዕድል 25 በመቶ ብቻ ነው። 35 በመቶ የሚገባውን ባለ ሦስት ነጥብ ብትመርጡ ግን ዕድላችሁ 35 በመቶ ነው። ከሩቅ የወረወረውን ልጅ «ችኩል» እያሉ የሚገሥጹ አሰልጣኞች ይህን ቢያሰሉ ጥሩ ነበር።

አሁን ደግሞ ብዙ ወደሚያከራክረው እንለፍ። ተጫዋች ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሲያስገባ «ዛሬ ቀንቶታል፤ ለእርሱ አቀብሉት» ይባላል። ተመራማሪዎቹ ቶማስ ጊሎቪች፣ ሮበርት ቫሎንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን መርምረው፣ ካስገባ በኋላ የማስገባት ዕድሉ ከሌላው ጊዜ አይበልጥም ብለው ደመደሙ። ሰው የሚስተው ተከታታይነትን ሲያይ ነው፤ ግማሹን የሚያስገባ ተጫዋች 10 ጊዜ ሲወረውር ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ ሦስቱን ተከታትሎ የማስገባት ዕድሉ 50.8 በመቶ ነው። ምንም ሳይቀናው በየሁለት ቀኑ አንዴ «የቀናው» ይመስላል።

ሆኖም ጆሹዋ ሚለርና አዳም ሳንሁርሆ በ2018 ባሳተሙት ጥናት የቀደመው አቆጣጠር ስውር ጉድለት እንዳለበት አሳዩ። ጉድለቱን በሳንቲም ማየት ይቻላል። አንድ ሳንቲም ሦስት ጊዜ ወርውሩና ከእያንዳንዱ ዘውድ ቀጥሎ የመጣው ስንት ጊዜ ዘውድ፣ ስንት ጊዜ ጎፈር እንደ ሆነ መዝግቡ። ሊሆኑ የሚችሉት 8 ዓይነት ቅደም ተከተሎች ናቸው፤ በሁለቱ ውስጥ ከዘውድ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ስለሌለ አይቆጠሩም። ከቀሩት 6፣ በሦስቱ የዘውዱ ድርሻ ዜሮ፣ በአንዱ ግማሽ፣ በሁለቱ ሙሉ ነው። አማካዩ 2.5 ለ6 ሲካፈል 42 በመቶ ገደማ እንጂ 50 አይደለም። ሳንቲሙ ፍጹም ትክክለኛ ሆኖ ሳለ አቆጣጠሩ ግን ዝቅ ያደርገዋል። እንግዲህ በአጭር መዝገብ ውስጥ 50 በመቶ ያሳየ ተጫዋች ከሚጠበቅበት በላይ ሠርቷል ማለት ነው። ይህ ሲታረም በቀድሞዎቹ መረጃዎች ውስጥ መጠነኛ «መቅናት» ብቅ አለ። አዛውንቶቹ አሰልጣኞች ሙሉ በሙሉ ተሳስተው አልነበረም፤ ያጋነኑት መጠኑን ነው።

የትምህርት ቤት ቡድን ለሚመርጥ ሰው ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ስንት ውርወራ መቁጠር እንዳለበት ማወቁ ነው። በእውነቱ 60 በመቶ የሚያስገባ ልጅ 20 ጊዜ ቢወረውር፣ በዕድል ብቻ ከ8 እስከ 16 ያለው ቁጥር ሁሉ ሊወጣለት ይችላል፤ ከ20 ሙከራ 19ኙ የሚያርፉት በዚህ ሰፊ ክልል ውስጥ ነው። 8 ያስገባውን አሰናብቶ 16 ያስገባውን የመረጠ አሰልጣኝ ምናልባት ሁለት እኩል ልጆችን ለያይቷል። 100 ቢወረውሩ ክልሉ ከ50 እስከ 70 ይጠብባል፤ ይህም ቢሆን ሁለት ሦስት ከሰዓት በኋላዎችን ይጠይቃል። መቶውን ስታስወረውሩ ሃምሳውን በአንደኛው፣ ሃምሳውን በሌላኛው ቅርጫት አድርጉት፤ የሁለቱ ውጤት በእጅጉ ከተራራቀ ልጁን ከመጠየቃችሁ በፊት ሜትሩን አምጡና ከቀለበቱ እስከ መሬት ለኩ።